አናዮንን በፖዘቲቭ ሞድ መለካት፦ በቱሉ ዲምቱ ላብ እንደምሠራው

ይህን መመሪያ የምጽፈው ባለ አንድ ኳድሩፖል ማስ ስፔክትሮሜትር (አዮኖችን በክብደታቸው ለይቶ የሚለካ ማሽን) ይዛችሁ ፐርክሎሬትን፣ ብሮሜትን ወይም ትራይፍሎሮአሴቴትን፣ ማለትም ኔጋቲቭ ቻርጅ ያላቸውን አናዮኖች፣ ማሽኑ ኔጋቲቭ አዮኖችን በሚያይበት በኔጋቲቭ ሞድ ለማየት ለምትታገሉ ወጣት ኬሚስቶች ነው። የምሠራው በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ በቱሉ ዲምቱ በኩል ባለች አነስተኛ የግል ላብ ውስጥ ነው። ሥራችን በአብዛኛው ውኃ ነው፤ ከአቃቂ ጉድጓድ፣ ከገላን ፋብሪካ፣ ከዱከም የአትክልት ማሳ፣ አንዳንዴም ቦቴ መኪና ካደለው በርሜል ይመጣልናል። ውድ የሆኑት አዳዲስ ማሽኖች የሉንም። ያም ሆኖ ፐርክሎሬትን በሊትር ከአንድ ማይክሮግራም በታች ሆኖ እንኳ እናየዋለን። ይህን ያስቻለን በደንብ የተጣራ አንድ ሪኤጀንት ነው፤ ስለዚህ ስለ ማጣራቱ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

ለምን ፐርክሎሬት? በታይሮይድ ዕጢ ውስጥ አዮዳይድ የሚገባበትን በር ስለሚሻማ ነው። እንቅርት ገና ባልጠፋበትና አዮዲን የገባበት ጨው ለሁሉም ቤት እኩል በማይደርስበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 70 ማይክሮግራም ሲሆን ካሊፎርኒያ ደግሞ ወደ 6 አውርዳዋለች። ምንጩም ከእኛ ሩቅ አይደለም። በረኪና ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሲከርም በውስጡ ያለው ሃይፖክሎራይት ቀስ እያለ ወደ ክሎሬት፣ ከዚያም ወደ ፐርክሎሬት ይለወጣል። በድንጋይ ካባ ውስጥ ከሚፈነዱት ፈንጂዎች አንዳንዶቹም ይህንኑ ጨው ይይዛሉ። በዚህ በኩል ያለ ጉድጓድ ውኃ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው አጠገቡ ካባ አለ ወይ፣ ጉድጓዱ በበረኪና ታጥቦ ያውቃል ወይ ብዬ ነው።

ኔጋቲቭ ሞድ ለምን ያስቸግራል?

ኤሌክትሮስፕሬይ ላይ፣ ማለትም ፈሳሹ በቮልቴጅ ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች በሚረጭበት ክፍል፣ መርፌው ኔጋቲቭ ሲሆን ኤሌክትሮኖች ከጫፉ ወደ አየር በቀላሉ ያመልጣሉ። ውኃ የበዛበት ፈሳሽ ደግሞ ለመረጨት ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ሁለቱ ሲገናኙ መርፌው ጫፍ ላይ ኮሮና፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ ይነሳል፤ ስፕሬዩ ይንቀጠቀጣል፣ ቤዝላይኑ (ፒክ በሌለበት የሚታየው መስመር) ይዘላል። የእኛ ከፍታ ችግሩን ያብሰዋል። ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆንን የአየሩ ግፊት ከአንድ አምስተኛ በላይ ይቀንሳል፤ አየር ሲሳሳ ደግሞ ብልጭታው ባነሰ ቮልቴጅ ይነሳል። አምራቹ በማኑዋሉ ላይ የጻፈው የኔጋቲቭ ሞድ ቮልቴጅ ባሕር ዳርቻ ለተቀመጠ ሰው ይሠራ ይሆናል፤ እዚህ ግን እንዳለ አትውሰዱት።

ሌላው ችግር ፐርክሎሬት የሚወጣበት ቦታ ነው። በኔጋቲቭ ሞድ በኤም በዜድ (የአዮኑ ክብደት ለቻርጁ ሲካፈል) 99 ላይ ይወጣል። ያ አካባቢ የሶልቨንት ክላስተር፣ የአሲድ ቅሪትና የሌላም ሌላም ቆሻሻ መሰብሰቢያ ስለሆነ ትንሽ ፒክ በጫጫታው ይዋጣል።

መፍትሔው ሒሳብ ነው። ፐርክሎሬት አንድ ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው። ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ካታዮን ስንሰጠው ተጣምረው አንድ ፖዘቲቭ ይተርፋቸዋል፤ አንድ ብር ዕዳ ያለበት ሰው ሁለት ብር ሲያገኝ ዕዳውን ከፍሎ አንድ ብር እንደሚቀረው ማለት ነው። ጥንዱ በፖዘቲቭ ሞድ ይታያል፣ ከ99 ተነስቶ ወደ 389 ይወጣል። በተጨማሪም ካታዮኑ ረጅም የካርቦን ሰንሰለት ስላለው ጥንዱ በጠብታው ገጽ ላይ መቀመጥ ይወዳል፤ ገጽ ላይ ያለ አዮን ደግሞ ቀድሞ ወደ ጋዝ ይወጣል። የኬሚስቶቹ የዳስጉፕታና የአርምስትሮንግ ቡድኖች ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲያሳትሙ የለኩትም ይኸንኑ ፐርክሎሬት ነበር።

ሪኤጀንቱ

ዘዴው ላይ ብዙ ዓይነት ካታዮኖች ተሞክረዋል። እኔ የምመክረው ሁለት ሜቲልኢሚዳዞሊየም ጫፎች በዘጠኝ ካርቦን ሰንሰለት የተያያዙበትን ነው። የካታዮኑ ክብደት 290.25 ሲሆን ሁለት ቻርጅ ስላለው ብቻውን ሲሆን በ145.1 ይታያል። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ብዙ ጊዜ እንመለስበታለን።

ገዝታችሁ ማግኘት ከቻላችሁ ግዙ። ካልቻላችሁ መሥራቱ የሚከብድ አይደለም። 1፣9-ዳይብሮሞኖኔን አንድ ሞል፣ 1-ሜቲልኢሚዳዞል ሦስት ሞል ያህል፣ በቴትራሃይድሮፍዩራን ውስጥ በናይትሮጅን ሥር ሌሊቱን ሙሉ ሪፍለክስ ይደረጋል፤ ማለትም ትነቱ ቀዝቅዞ እየተመለሰ ይፈላል። እዚህ ሶልቨንቱ ከመጽሐፉ ቁጥር ብዙ ዲግሪ ዝቅ ብሎ ስለሚፈላ ሪአክሽኑ ይዘገያል፤ ስለዚህ ጊዜውን አርዝሙለት። ሜቲልኢሚዳዞል ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ ፍዩም ሁድ ውስጥ ብቻ ሥሩ። የሚገኘውን ጨው ውኃ ውስጥ አሟሙታችሁ የተረፈው ሜቲልኢሚዳዞል እስኪወጣ በኢቲል አሴቴት ደጋግማችሁ እጠቡት፤ ከዚያ ውኃውን አትንኑት።

አሁን በእጃችሁ ያለው የብሮማይድ ጨው ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና ዘዴው አይሠራም ብሎ ይተወዋል። ብሮማይድ ከካታዮኑ ጋር አጥብቆ ይጣመራል፤ ፐርክሎሬታችሁ ሲመጣ ቦታው ተይዞ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ብሮማይዱን አውጥቶ በፍሎራይድ መተካት ያስፈልጋል። ፍሎራይድ የተመረጠው ውኃ አጥብቆ ስለሚከብበው ካታዮኑን ስለማይጨብጥ ነው፤ ሌላ አናዮን ሲመጣ ወዲያው ቦታውን ይለቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባዶ የ10 ሚሊሊትር ፕላስቲክ ሲሪንጅ ውሰዱ፣ ከታች ጥቂት ጥጥ አድርጉበት፣ 4 ሚሊሊትር ጠንካራ የአናዮን መለዋወጫ ሬዚን ሙሉበት። ከሬዚኑ መጠን አሥር እጥፍ የሚሆን 1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ቀስ ብላችሁ አሳልፉ፤ ከዚያ በአሥር እጥፍ ንጹሕ ውኃ እጠቡ። ቀጥሎ ሰባት እጥፍ 0.5 ሞላር ሶዲየም ፍሎራይድ አሳልፉና እንደገና በአሥር እጥፍ ውኃ እጠቡ። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ በፍጹም አትጠቀሙ፤ ለዚህ ሥራ አያስፈልግም፣ በትናንሽ ላቦቻችን ውስጥም መቀመጥ የለበትም። ሬዚኑ ሲዘጋጅ ከብሮማይዱ ጨው 72 ሚሊግራም በ1 ሚሊሊትር ውኃ አሟሙታችሁ፣ ማለትም 0.16 ሞላር አድርጋችሁ፣ ከላይ ጨምሩት። ጠብታ በጠብታ ይውረድ፤ መቸኮል እዚህ አይጠቅምም። የሚወርደውን በ10 ሚሊሊትር የፕላስቲክ ፍላስክ ተቀበሉና ውኃ እየጨመራችሁ እስከ ምልክቱ ድረስ ሙሉት። 16 ሚሊሞላር የፍሎራይድ ሪኤጀንት አገኛችሁ ማለት ነው። መስታወት ውስጥ አታስቀምጡት፤ ፖሊኢቲሊን ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አኑሩት።

ብሮማይዱ መውጣቱን ማሽኑ ጋ ሳትደርሱ ማረጋገጥ ይቻላል። ከሪኤጀንቱ ጥቂት ጠብታ በሙከራ ቱቦ አድርጉ፣ በቀጭን ናይትሪክ አሲድ አሲዳማ አድርጉት፣ ሲልቨር ናይትሬት ጨምሩ። ሲልቨር ፍሎራይድ ውኃ ውስጥ ስለሚሟሟ ሪኤጀንቱ ንጹሕ ከሆነ ምንም አይታይም። ሐመር ቢጫ ደመና ከታየ ብሮማይድ ቀርቷል፤ በአዲስ ሬዚን ድገሙት። ይህ ሙከራ ከሞላ ጎደል ነፃ ነው፤ አንዲት ጠብታ ሲልቨር ናይትሬት ግን ከቀናት ድካም ታድናለች። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ሪኤጀንት አዘጋጅተው ሲመጡ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ብሩን አየሽው?» ወይም «ብሩን አየኸው?» ነው፤ ውጤቱም በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ካልሠፈረ ወደ ፓምፕ አይሄድም።

ቱቦና ፓምፕ

መጀመሪያ ያለ ኮለም (አናዮኖቹን አንዱን ከሌላው የሚለየው ቱቦ) ጀምሩ፤ ዓላማው ማሽኑን ማስተካከል ብቻ ነው። ዋናው ፓምፕ ሁለት እጅ ሜታኖልና አንድ እጅ ውኃ በደቂቃ 300 ማይክሮሊትር ይግፋ። ሁለተኛው ፓምፕ 40 ማይክሮሞላር ሪኤጀንት በውኃ በደቂቃ 100 ማይክሮሊትር ይስጥ። ሁለቱ በቲ መገጣጠሚያ ሲገናኙ ግማሽ ሜታኖል፣ ግማሽ ውኃ፣ 10 ማይክሮሞላር ሪኤጀንት ያለው 400 ማይክሮሊትር ይሆናል። ከ16 ሚሊሞላሩ 0.25 ሚሊሊትር ወስዳችሁ ወደ 100 ሚሊሊትር ብታቀጥኑት ከ16 ሰዓት በላይ ይበቃችኋል። ለሁለተኛው ፓምፕ አዲስ መግዛት አይጠበቅባችሁም፤ ጥግ ላይ የተጣለ አሮጌ የኤችፒኤልሲ ፓምፕ ግፊቱ ካልተንቀጠቀጠ ይሠራል። ፓምፑ በየምቱ ከተንቀጠቀጠ ሲግናሉም አብሮት ሲንቀጠቀጥ ታያላችሁ።

ለእውነተኛ ናሙና ግን ኮለም ግዴታ ነው። በጉድጓድ ውኃ ውስጥ ክሎራይድ፣ ባይካርቦኔትና ሰልፌት ከፐርክሎሬቱ በሺህ እጥፍ ይበልጣሉ። ሁሉም በአንድ ላይ ከገቡ ሪኤጀንቱን ይሻሙና ፐርክሎሬቱ ባዶ እጁን ይቀራል። እኛ አዮን ክሮማቶግራፍ ስላለን እሱን ከፊት እናስቀምጣለን፤ ብዙ የውኃ ላቦችም አላቸው። ናሙናውን በኮለሙ ውስጥ የሚገፋው ሃይድሮክሳይድ (ኢሉወንቱ) በሳፕረሰሩ ውስጥ ሲያልፍ ወደ ውኃ ስለሚለወጥ ለማስ ስፔክትሮሜትር ከዚህ የተሻለ ንጹሕ ፈሳሽ አይገኝም። ያን ጊዜ ሜታኖሉን በሪኤጀንቱ በኩል አምጡት፤ 20 ማይክሮሞላር ሪኤጀንት በሜታኖል፣ ከኮለሙ ፍሰት እኩል በሆነ መጠን።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ አለ። ቲው ከሳፕረሰሩም ከኮንዳክቲቪቲ ሴሉም በኋላ መሆን አለበት፤ ፈሳሽ ወደ ኋላ የማያስመልስ ቼክ ቫልቭም አድርጉበት። የሳፕረሰሩ ሜምብሬን ካታዮን የሚለዋወጥ ስለሆነ ሪኤጀንታችሁ ወደ ኋላ ከገባ አጥብቆ ይይዘዋል፣ ከዚያ በኋላ ማስለቀቁ ከባድ ነው። እንዲሁም ሳፕረሰር ከበስተኋላው ግፊት አይችልም፤ ቀጭኑን ቀይ ቱቦ ትታችሁ ሰማያዊውን፣ ማለትም የውስጡ ስፋት 0.25 ሚሊሜትር የሆነውን ተጠቀሙ፣ እስከ ስፕሬዩ ያለውንም አሳጥሩት።

አዮን ክሮማቶግራፍ ከሌላችሁ ሲ18 ኮለም ላይ ለትራይፍሎሮአሴቴት፣ ለቤንዞዌትና ለመሳሰሉት ኦርጋኒክ አናዮኖች ጥሩ ውጤት ታገኛላችሁ። ለፐርክሎሬት ግን በሲ18 ብቻ ባትተማመኑ እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ናሙናውን በባሪየም፣ በሲልቨርና በሃይድሮጅን ካርትሪጅ አሳልፋችሁ ሰልፌቱን፣ ክሎራይዱንና ካርቦኔቱን አስቀድማችሁ አውጡ።

ሞባይል ፌዝ (ፓምፑ የሚገፋው ፈሳሽ) ውስጥ ፎርሚክ አሲድ፣ አሴቴት፣ በተለይም ትራይፍሎሮአሴቲክ አሲድ አይግባ። ሁሉም አናዮን ስለሆኑ ከሪኤጀንቱ ጋር ይጣመራሉ። ያ ማሽን ከዚህ ቀደም ለፔፕታይድ ሥራ ትራይፍሎሮአሴቲክ አሲድ ይጠጣ ከነበረ ቱቦውን በሙሉ ቀይሩ፤ በማጠብ ብቻ ቶሎ አይለቅም።

ስፔክትረሙን ማንበብ

ስፕሬዩን በ2.5 ኪሎ ቮልት ጀምሩና ቀስ እያላችሁ ወደ 3 ውጡ፤ የስፕሬዩን ከረንት ተከታተሉ። ድንገት ከዘለለ ብልጭታ ጀምሯል፤ ወደ ኋላ ተመለሱ። ካፒላሪው 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሁን። አዮኖቹ ወደ ማሽኑ የሚገቡበትን የኮኑን ቮልቴጅ ከዝቅተኛው ጀምራችሁ በአምስት አምስት ቮልት ከፍ አድርጉ። ጥንዱ የተያዘው በቻርጅ መሳሳብ ስለሆነ ቮልቴጁ ሲበዛ ይፈርሳል፤ ሲያንስ ደግሞ ውኃውና ሜታኖሉ ከላዩ አይራገፍም። የ389.2 ፒክ ከፍ ብሎ መውረድ የሚጀምርበትን ነጥብ ፈልጉ።

አሁን ምንም ናሙና ሳታስገቡ ከ100 እስከ 500 ስካን አድርጉ። ይህን ስካን በየጠዋቱ ሥራ ሳልጀምር አየዋለሁ፤ የሪኤጀንቱ የጤና ምርመራ ነው። በ145.1 ካታዮኑ ብቻውን አለ። በ309.2 ከፍሎራይድ ጋር የተጣመረው ቢታይ አትደንግጡ። በ325.2 እና በ327.2 በሦስት ለአንድ ሬሾ ፒክ ካያችሁ ክሎራይድ ገብቷል፤ ብዙውን ጊዜ ከእጅ ላብ ወይም በደንብ ካልታጠበ ዕቃ ነው። በ369.2 እና በ371.2 እኩል የሚመስሉ ሁለት ፒኮች ከቆሙ ብሮማይዱ አልወጣም፤ ወደ ሬዚኑ ተመለሱ። 352.2 ናይትሬት ነው፤ ሲልቨር ናይትሬቱንና ናይትሪክ አሲዱን ከነካችሁበት ጓንት ሊመጣ ስለሚችል ጓንት ቀይሩ። 335.2 ፎርሜት፣ 349.3 አሴቴት፣ 403.2 ትራይፍሎሮአሴቴት ናቸው። ይህን ዝርዝር በወረቀት አትማችሁ ከማሽኑ አጠገብ ለጥፉት።

ፐርክሎሬት ሲገባ 389.2 እና 391.2 አብረው ይነሳሉ፤ ክሎሪን ሁለት አይሶቶፕ (ክብደታቸው የሚለያይ አተሞች) ስላለው ሬሾው ሦስት ለአንድ ያህል ነው። ይህ ሬሾ ባለ አንድ ኳድሩፖል ማሽን ላይ ትልቁ ምስክራችሁ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ቁጥር የራሱ ጠላት አለው፤ እሱን ሳያውቁ ውጤት መፈረም አይገባም።

የ389 ጠላት ሰልፌት ነው። ባይሰልፌት፣ ማለትም ፕሮቶን ይዞ አንድ ኔጋቲቭ ብቻ የቀረው ሰልፌት፣ ከካታዮኑ ጋር ሲጣመር 387.2 ላይ ይወጣል። ከሰልፈር ውስጥ ከአራት በመቶ በላይ የሚሆነው በሁለት አሐድ የሚከብደው አይሶቶፕ ስለሆነ 387 ሲገን ጥላው 389 ላይ ያርፋል። ስለዚህ 387.2 ሁልጊዜ በመለኪያው ውስጥ ይኑር። ፐርክሎሬቱ በሚወጣበት ደቂቃ 387 ጸጥ ካላለ ኮለሙ ሰልፌቱን አልለየላችሁም።

የ391 ጠላት ደግሞ ከፕላስቲክ ይመጣል። ፕላስቲክን ለማለስለስ የሚጨመረው ዳይኢቲልሄክሲል ፍታሌት ፕሮቶን ሲይዝ 391.3 ላይ ይቀመጣል፤ ኳድሩፖል ይህን ከ391.2 አይለይም። ከፒቪሲ ቱቦ፣ ከጓንት፣ ከርካሽ ክዳን፣ በፕላስቲክ ዕቃ ከተቀዳ ሜታኖል ይመጣል። ፍታሌት ሲኖር የ391 ቤዝላይን ከፍ ብሎ ይቆያል፣ ሬሾውም ከሦስት ወደ ሁለትና ከዚያ በታች ይወርዳል። ሜታኖሉን በመጣበት የመስታወት ጠርሙስ ብቻ ተጠቀሙ፤ ፒቪሲ የተባለ ነገር ከመስመሩ ይውጣ። ደስ የሚለው ሁለቱ ጠላቶች በአንድ ቁጥር ላይ አይገናኙም። ሰልፌት ሬሾውን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ፍታሌት ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ሬሾው የተበላሸበትን አቅጣጫ አይታችሁ ጥፋተኛውን ትለያላችሁ።

ትሪፕል ኳድሩፖል ያላችሁ 389ን ሰባብራችሁ ልጅ አዮኖቹን ፈልጉ፤ ካታዮኑ ፕሮቶን ሲያጣ የሚሰጠውን 289.2 እና ከዚያም ሜቲልኢሚዳዞል ሲወጣ የሚቀረውን 207.2 አስቀድማችሁ ተመልከቱ። ፍታሌት ሲሰበር 149 ስለሚሰጥ ያን ጊዜ ከ391 ችግር ትገላገላላችሁ።

ናሙና፣ ብላንክ፣ ስታንዳርድ

የጉድጓድ ባለቤቶች ውኃ በዘይት ጀሪካን ያመጡልኛል። አልቀበልም፤ ጠርሙስ ሰጥቼ እመልሳቸዋለሁ። አንድ ጊዜ አንድ አዛውንት ከአቃቂ በባጃጅ መጥተው «ልጄ፣ ውኃ ውኃ ነው፤ በምን ተቀዳ ምን ለውጥ አለው?» አሉኝ። «አባባ፣ የልጅ ልጆችዎ የሚጠጡት ስለሆነ ነው በዕቃው የምጨቀጭቅዎ» አልኳቸው። ጠርሙሱን ይዘው ተመለሱ፣ እንደነገርኳቸውም በራሱ በጉድጓዱ ውኃ ሦስት ጊዜ አለቅልቀው ቀድተው አመጡ።

የምሰጠው አዲስ ጠንካራ ፖሊኢቲሊን ጠርሙስ ነው። አፉ ድረስ አይሞላ፤ ሲሶው ባዶ ይሁን። ኦክስጅን ባለቀበት ውኃ ውስጥ ፐርክሎሬትን የሚበሉ ባክቴሪያዎች ስላሉ አየር ያስፈልገዋል። ለዚሁ ሲባል በ0.2 ማይክሮን ፊልተር ማጣራት፣ ከዚያ በማቀዝቀዣ ማቆየት ይገባል። ናሙና የሚቀዳውን ሰው ከመሄዱ በፊት በረኪና በነካ እጁ ጠርሙስ እንዳይከፍት አስጠንቅቁት።

ለስታንዳርድ፣ ማለትም መጠኑ ለታወቀው ማነጻጸሪያ፣ 1.231 ግራም የደረቀ ሶዲየም ፐርክሎሬት በ1 ሊትር ውኃ ሲሟሟ በሊትር 1,000 ሚሊግራም ፐርክሎሬት ይሰጣል። ጨዉ ኦክሲዳይዘር፣ ማለትም እሳት የሚያባብስ፣ ስለሆነ ከሶልቨንትና ከወረቀት አርቃችሁ አስቀምጡት። ካሊብሬሽኑ በሊትር ከ0.5 እስከ 50 ማይክሮግራም ይበቃል። ስታንዳርዱን በንጹሕ ውኃ ብቻ አትሥሩት፤ ክሎራይድ፣ ሰልፌትና ባይካርቦኔት በጉድጓዳችሁ ውኃ ልክ ጨምሩበት። መግዛት ከቻላችሁ ደግሞ ኦክስጅኖቹ በሙሉ በ18 የተተኩበትን ፐርክሎሬት በእያንዳንዱ ናሙና ላይ ጨምሩ። 397.2 ላይ ይወጣል፤ ሪኤጀንቱን ሌላ አናዮን ሲሻማው ወይም ስፕሬዩ ሲደክም እሱም እኩል ስለሚደክም ሬሾው ይተርፋል። ውድ ነው፤ ነገር ግን በጣም ጥቂት ስለሚፈጅ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። በጀት ከጠበበ ሌላው ይቅርና ይህ ይገዛ እላለሁ።

ብላንኩ፣ ማለትም ናሙና የሌለበት ንጹሕ ውኃ፣ በየአምስት ናሙናው መሀል ይግባ። የመለኪያ ወሰናችሁን ለማወቅ በሊትር 0.5 ማይክሮግራም ያለበትን ሰባት ጊዜ ለክታችሁ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን በ3.14 አባዙ። ከዚያ በታች ያለውን «የለም» ብላችሁ አትጻፉ፤ «ከዚህ ቁጥር በታች» ብላችሁ ጻፉ። መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ በኋላ የተወሰደ ውጤት ብላንኩና አንድ ስታንዳርድ ተደግሞ ካልተገጣጠመ አይፈረምበትም። ዩፒኤሱ ማሽኑን ቢያቆየው እንኳ የናይትሮጅን ጀነሬተሩ ይቋረጣል፤ ጋዙ ሲቋረጥ ስፕሬዩ ይረጥባል፣ ወደ ቀድሞ ሁኔታው ለመመለስም ጊዜ ይወስድበታል።

ሌሎች አናዮኖች

በዚሁ ሪኤጀንት ብሮሜት 417.1 እና 419.1 ላይ፣ አዮዴት 465.1 ላይ፣ ታዮሳያኔት 348.2 ላይ ይገኛሉ። ብሮሜት በመጠጥ ውኃ ውስጥ የተፈቀደለት በሊትር 10 ማይክሮግራም ብቻ ነው። አዮዳይድም 417.1 ላይ ስለሚወጣ 417ን ብቻ አይታችሁ ብሮሜት ነው አትበሉ። ብሮሚን ሁለት እኩል የሚሆኑ አይሶቶፖች አሉት፤ አዮዲን አንድ ብቻ ነው። 419 ከሌለ ያያችሁት አዮዳይድ ነው።

ፍሎራይድን በዚህ መንገድ ለመለካት አትሞክሩ፤ ሪኤጀንቱ ራሱ ፍሎራይድ ይዟል። ለስምጥ ሸለቆ ውኃ የፍሎራይድ ኤሌክትሮድ ይበቃል፣ ርካሽም ነው።

እንደ ሰልፌት ሁለት ኔጋቲቭ ያለው አናዮን ከዚህ ካታዮን ጋር ሲጣመር ቻርጁ ዜሮ ስለሚሆን ከማሽኑ ዓይን ይሰወራል። ለእነዚህ ሦስት ፖዘቲቭ ያለው ሪኤጀንት አለ፤ የፍሎራይድ ልውውጡም አሠራሩም ያው ነው።

ሥራ ሲያልቅ

ሪኤጀንቱ ተጣባቂ ስለሆነ ማታ ትቶ መሄድ አይገባም። ፓምፑን ወደ ግማሽ ሜታኖልና ግማሽ ውኃ ቀይራችሁ ቱቦውን፣ ቲውንና ስፕሬዩን እጠቡ፣ 145.1ን እያያችሁ። ቤዝላይኑ ላይ እስኪወርድ ቀጥሉ። ከዚያ ቮልቴጁ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ኮኑን በሜታኖል በተነከረ፣ ክር በማይተው ጨርቅ ጥረጉ። የቀረውን 40 ማይክሮሞላር ድፉት፤ ለነገ አታስቀምጡት። 16 ሚሊሞላሩ ላይ የተሠራበትን ቀን፣ የሠራውን ሰው ስምና የሲልቨር ናይትሬቱን ውጤት ጽፋችሁ ወደ ፍሪጅ መልሱ።